የመንዝ ሃይማኖተኛነትና የመላላቱ ጥያቄ
(በፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ላይ የቀረበ ሂስ)

ስለ ሰሜን ሸዋ ደጋ ሕዝብ የሚናገር ሁሉ ሁለት ነገር ሳያነሣ አያልፍም። አንደኛው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ጾም አክባሪና ለታቦቱ ቀናዒ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያ የአባቶች ሃይማኖት ዛሬ ላልቷል የሚለው ሐዘን ነው። ይህ ሐዘን በካህናት ስብከት፣ በሽማግሌዎች ጨዋታና በማኅበር ጽዋ ላይ ይሰማል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ጥናት ጽሑፎች ገብቶ እንደ ተመሰከረ ነገር ሲጠቀስ ይታያል። ነገር ግን ላላ የሚባለው ምንድን ነው? እምነቱ ነውን? ጾሙና ጸሎቱ ነውን? ወይስ ምእመኑ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይከፍለው የነበረው ግዴታ? እነዚህ ሦስቱ ሳይለዩ የሚሰጥ ፍርድ ሕመሙን ሳይለይ መድኀኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙትን «ሰምና ወርቅ» መነሻ አድርገናል። መጽሐፉ ከታተመ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቢያልፍም ስለ መንዝ ሰው የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ዛሬም በቅድሚያ የሚገልጠው እርሱን ነው። በመጽሐፉ ያለው መልካም ነገር እንደሚወረስ ሁሉ ጕድለቱም እንዲሁ ይወረሳል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ተገቢ ሆኖ ታይቶናል።

፩

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ከቅኔ ቤት የተወሰደ ነው። በቅኔ ሰሙ ከላይ የሚታየው ቃል፣ ወርቁ በውስጥ የተሸሸገው ምሥጢር ነው፤ ደራሲውም በአማራ ኑሮና ንግግር ውስጥ ይህን የመሰለ ድርብ ትርጕም እንዳለ ለማሳየት ጥረዋል። በሀገራችን ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ በሚል ስም የታወቁትና በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ሌቪን፣ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ወደ መንዝ ሄደው የገበሬውን ኑሮ በቅርብ አጥንተዋል። ዋናው መጽሐፍ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም በ1964 (እ.ኤ.አ.) ስለ መንዝ ታሪክና ባህል አንድ ጽሑፍ በሴማውያን ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተዋል።

የዚህ ሥራ ዋጋ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ክርስትና የሚጽፉት የውጭ ሊቃውንት አብዛኞቹ ዐይናቸውን በአክሱም፣ በላሊበላና በጎንደር ላይ፣ እጃቸውን ደግሞ በብራና ላይ አድርገው ነበር። ሌቪን ግን በማማ፣ በላሎና በጌራ ምድር ገብሱን የሚያርሰውን፣ በጉን የሚያረባውን፣ ባናውን የሚለብሰውን ሰው አነጋገሩ። ርስቱን ከእነዚያ ከሦስቱ የመንዝ አባቶች ስም እየቈጠረ የሚካሰሰውን ገበሬ በጽሑፍ አሳወቁን። ጾም በዚህ ሰው ኑሮ ውስጥ ያለውን ታላቅ ስፍራም ተገንዝበው የሃይማኖቱ ዋና መታወቂያ አድርገው አቅርበዋል። በዚህ ረገድ ምስክርነታቸው ዛሬም የሚያገለግል ነው።

ሆኖም መጽሐፉ በሁለት ነገር ይጐድላል። አንደኛ፣ ነገሩ ሁሉ «ልማድ» እና «ዘመናዊነት» በሚሉ ሁለት ሚዛኖች ላይ የተከፈለ በመሆኑ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወደ ልማድ ወገን ተመድባለች። እንዲህ ከሆነ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ኑሮ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ እንደ መቀነስ መቈጠሩ አይቀርም። ደራሲው ራሳቸው ልማድንና ዘመናዊነትን ማስታረቅ ይቻላል የሚል ሐሳብ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሚዛኑ ከሐሳባቸው ይልቅ በረታ። ሁለተኛ፣ ስለ አማራ ግለኝነት የሚያትተው ክፍል ይህን ሕዝብ ለጋራ ሥራ የማይመች፣ እያንዳንዱ ለራሱና ለርስቱ የሚያስብ አድርጎ ይስለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ክርክር በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ የመላላት ጥያቄ መልሱ በእርሱ ውስጥ ስለሚገኝ።

፪

ከዚያ በፊት ግን «ላላ» የሚለው ሐዘን ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ከመንዝ በስተ ደቡብ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ስለ ዘመናቸው ምእመናን ብርቱ ሐዘን የነበራቸው ንጉሥ ናቸው። በ1450 (እ.ኤ.አ.) በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው የቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋራ እንድትከበር አስወሰኑ። የእመቤታችንን በዓላት አበዙ፤ ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ ጠንቋይና ባዕድ አምልኮ የሚከተሉትን በብርቱ ቀጡ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው፣ ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል በክንዱ ላይ እንዲጽፍ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው የሕዝቡ ሃይማኖት ጸንቶ ባለበት ጊዜ አይደለም። ዛሬ «የአባቶች ዘመን» ብለን የምንናፍቀው ጊዜ በራሱ ሰዎች ዘንድ የመላላት ዘመን ይባል ነበር ማለት ነው። ደግሞም የመንዝ ገበሬ ዛሬ ከጥንት ከሐዋርያት እንደ ተቀበለው አድርጎ የሚያከብረው የሰንበትና የበዓል ሥርዓት ለብዙው ክፍሉ በዚያ ንጉሥ ዘመን በትእዛዝ የጸና ነው።

ከአራት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በ1842 (እ.ኤ.አ.) የፕሮቴስታንቱ ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ከአንኮበር ተነሥቶ በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ሰሜን ተጓዘ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሀገር በቈየበት ጊዜ ያየውን በዕለት ማስታወሻው ጽፎ ትቶልናል። እርሱም የሕዝቡን ክርስትና ይነቅፋል፤ የነቀፋው ምክንያት ግን ከዘርዐ ያዕቆብ የተለየ ነው። ንጉሡ ሥርዓቱ አነሰ ብለው ያዘኑበትን ሚስዮናዊው ሥርዓቱ በዛ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አነሰ ብሎ አዘነበት። ለክራፍ ሃይማኖት ማለት በየሰው ልብ ያለ እምነትና በሚገባ ቋንቋ የሚነበብ ቃል ነው፤ ጾምና በዓል በእርሱ ሚዛን ላይ ክብደት አልነበራቸውም።

ሦስተኛው መርማሪ ሌቪን ናቸው። እርሳቸው ሰባኪ አይደሉም፤ የማኅበራዊ ኑሮ መርማሪ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያቸው ይህ ሃይማኖት ለሀገር ዕድገት ምን ያደርጋል የሚል ነው። በአዲስ አበባ በተማሪዎች አስተያየት ላይ ያደረጉትን ጥናት ከመንዙ ገበሬ ኑሮ ጋራ ጐን ለጐን ማቅረባቸውም አንባቢውን ወደ አንድ መደምደሚያ ይመራዋል፤ ይኸውም ሃይማኖት በደጋው ጸንቶ በከተማው የሚቀልጥ ነገር ነው የሚል ነው።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች በሦስት ሚዛን መዘኑ፤ ሦስቱም ጕድለት አገኙ። ከዚህ የምንማረው ሚዛኑን ሳያስታውቁ «ቀነሰ» ማለት ትርጕም የሌለው መሆኑን ነው። ለዚህም ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የሚሆነን ቅዱስ ቍርባን ነው። በአማራ ገጠር ከቀድሞ ጀምሮ የሚቈርቡት ሕፃናት፣ ካህናትና በሸመገሉ ጊዜ በቍርባን የተጋቡ ሰዎች ናቸው። አብዛኛው ጐልማሳ በሰማንያ የሚጋባ፣ ጾሙን ሳያጐድል የሚጾም፣ ከቅዳሴ የማይቀር፣ ነገር ግን ሥጋ ወደሙን የማይቀበል ነው። ምክንያቱም ድፍረት ይሆንብኛል ብሎ መፍራቱ፣ የቍርባን ጋብቻም የማይፈታ መሆኑ ነው። የሃይማኖትን ጽናት በቍርባን ብንለካ የአባቶች ዘመን እጅግ የላላ ሆኖ ይገኛል፤ በጾም ብንለካ እጅግ የጸና ይሆናል። ሕዝቡ ግን ያው አንድ ሕዝብ ነው።

፫

አሁን ወደ ግለኝነቱ ክርክር እንመለስ። ሌቪን የመንዝን ሰው ከጐረቤቱ ጋራ በርስት የሚካሰስ፣ በማንም እጅ መገዛትን የማይወድ ሰው አድርገው ማየታቸው እውነትነት አለው። የርስት ክርክሩ ረዥም፣ ቂሙም ብርቱ እንደ ነበር የማይታወቅ አይደለም። ዳሩ ግን ይህ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋራ የታሰረበት ገመድ ሦስት ጥምር ያለው ነበር፤ ሦስቱም የጋራ ኑሮ ገመዶች ናቸው።

የመጀመሪያው መሬት ነው። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» እንደ ተዘረዘረው፣ የቀድሞው የመሬት ሥሪት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተለየ መሬት ነበረው። መሬቱን የያዘ ሰው ቄስ፣ ዲያቆን ወይም ደብተራ ሆኖ ያገለግላል፤ ራሱ የማያገለግል ከሆነ በምትኩ የሚያገለግል ያቆማል። ስለዚህ ልጅን ወደ ንባብ ቤት መስደድ፣ ከዚያም ለዲቍና ማድረስ ለቤተሰቡ የነፍስ ጕዳይ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ጕዳይም ነበረ። ቄሱም ራሱ ሞፈር የሚጨብጥ ገበሬ ነው፤ ከምእመኑ የሚለየው በደመወዝ ሳይሆን በሥሪቱ ነበር።

ሁለተኛው የነፍስ አባት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የነፍስ አባት አለው፤ ኀጢአቱን ለእርሱ ይናዘዛል፤ ቀኖናውን ከእርሱ ይቀበላል። የነፍስ አባቱ በበዓል ቀን ወደ ቤት ገብቶ ይጸልያል፤ ጠበል ይረጫል፤ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት ይጠራል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃል። የቤተሰቡን ምሥጢር የሚያውቅ፣ ሲያጠፉ የሚገሥጽ፣ ካልተመለሱም «እኔ ነፍስ አባታችሁ አይደለሁም» ብሎ ሊለይ የሚችል ሰው ነው። ሌቪን የመንዝ ሰው ከበላይ ሹም ጋራ ስላለው ግንኙነት በስፋት ጽፈዋል። ከነፍስ አባቱ ጋራ ስላለው ግንኙነት የሰጡት ስፍራ ግን ከዚያ ጋራ የሚመጣጠን አይደለም። ደግሞም ያ ኩሩ ገበሬ በፈቃዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጕልበት ስሞ የሚቀበለው ሥልጣን ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ሰንበቴና ማኅበር ነው። በሰንበቴ አባላት ተራ ገብተው ዳቦና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ በአንድነት ይበላሉ፤ ድኻና መንገደኛም ይካፈላል። ማኅበሩ በየወሩ በአንድ ቅዱስ ስም፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኀኔ ዓለም፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይጠጣል፤ ጽዋው ከአንዱ ባለተራ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ሙሴው ሥርዓት ያስከብራል። የዚህ ሥርዓት ዋና ሕግ የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ እንዳይጠጡ ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋራ ታረቅ የሚለው የወንጌል ትምህርት (ማቴዎስ ምዕራፍ 5) በመንዝ ቤት ውስጥ በተግባር የዋለው በዚህ መንገድ ነው። የሰንበቴና የማኅበር ሥርዓት «ግለኛ» የተባለው ሕዝብ ያለ መንግሥት ትእዛዝና ያለ ጽሑፍ መዝገብ ለብዙ ትውልድ ያቆየው የጋራ ተቋም ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጪም ቢሆን ማስረጃ አለ። በመንዝ ጌራ በኩል ያለው የጓሳ ምድር ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ በጊዜው ከፍተው፣ ሣሩን ለክዳንና ለከብት ይካፈሉት ነበር። ዘላለም ተፈራ አሸናፊና ናይጀል ሊደር ዊሊያምስ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ሥርዓት ያወጡት ጥናት ለሚያነብ ሰው የግለኝነቱ ድምዳሜ እንዳለ ሊቀበሉት የሚቻል አይደለም። እዚህ ላይ ሌቪንን ከመውቀስ ይልቅ መረዳት ይሻላል፤ የርስት ሙግት በዳኛ ፊት በጩኸት የሚደረግ ነገር ነው፤ እርቅና ጽዋ ግን በቤት ውስጥ በዝግታ የሚፈጸም ነው። እንግዳ ሰው በቅድሚያ የሚሰማው ጩኸቱን ነው።

፬

እነዚህን ሦስት ገመዶች ከለየን በኋላ ከሌቪን መጽሐፍ ወዲህ የሆነውን ለመረዳት አያስቸግርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ሲወጣ የመጀመሪያው ገመድ በአንድ ቀን ተበጠሰ። የጓሳው ሥርዓትም ከርስት ጋራ ዐብሮ ቀረ። የአገልግሎት መሬት የነበረው አጥቢያ ሁሉ አገልጋዩን የሚያቆምበት መሠረት አጣ።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ፈጽሞ ያልተዘጋጀች አልነበረችም። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. «ቃለ ዐዋዲ» የተባለው ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ታዝዞ ነበር፤ በእርሱም ካህናትና ምእመናን በአንድነት አጥቢያውን ያስተዳድራሉ፤ ምእመኑም በዓመት አስተዋጽኦ ይከፍላል። ፓትርያርኩ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ቢገደሉም ያቋቋሙት ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን መኖሪያ ሆኖ ቀረ።

ይህ ለውጥ በሃይማኖት ትርጕም ላይ ያመጣው ነገር ገና በሚገባ አልተጠናም። ቀድሞ ግዴታው በመሬቱ ላይ የተቀመጠ ነበር፤ ሰውየው ቢያምንም ባያምንም፣ ቢተጋም ቢሰንፍም አገልግሎቱ ይደረግ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን ግዴታው ወደ ሰውየው ፈቃድ ተላለፈ። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምትቆመው ምእመኑ በፈቀደው መጠን ነው። እንግዲህ የአስተዋጽኦው ካርኒ ሲቀንስ አይተን «እምነት ቀነሰ» ስንል ቀድሞ በመሬት ሥሪት የተደረገውን እንደ እምነት ሥራ ቈጥረንለት፣ ዛሬ በፈቃድ የሚደረገውን ደግሞ ከዚያ ጋራ እያስተያየን ነው። ይህ ማስተያየት ከመሠረቱ የተዛባ ነው።

በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ስብሰባ በእሑድ ማለዳ፣ ሰው ለቅዳሴ በሚቆምበት ሰዓት መጠራቱ በብዙ ስፍራ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ሕዝቡ ጾሙን አልተወም፤ ማኅበሩም ከቤት ወደ ቤት መዞሩን አላቋረጠም። በዐዋጅ ሊበጠስ የሚችለው የመሬቱ ገመድ እንጂ የጽዋው ገመድ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ጕዳት የደረሰው በትምህርቱ ላይ ነው። ለአንድ ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ በጠቅላላው አምስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ዲያቆናቱ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። ልጅ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት የሚያልፍበት መንገድ ብዙ ዓመት የሚጠይቅ፣ በቆሎ ተማሪነት በልመና የሚገፋ ነው። የአገልግሎት መሬት ሲቀር የዚህ ድካም ዋጋ ዐብሮ ቀረ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ለልጁ ሌላ በር ከፈተለት። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሰደደ የግሼ ወይም የመርሐቤቴ አባት ሃይማኖቱን አልካደም፤ ለልጁ እንጀራ ዐሰበ። ነገር ግን አምስት ሰው ያላገኘ አጥቢያ በሰንበት ደጁ ተዘግቶ ይውላል። ምእመኑ ለመሳለም መጥቶ ቅዳሴ ሳያገኝ የሚመለስ ከሆነ ጕድለቱን በምእመኑ ልብ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

፭

አሁን ደግሞ የጨመረውን እንመልከት፤ የመላላትን ነገር ብቻ የሚቈጥር ሰው መዝገቡ ግማሽ ነውና።

በጠቅላላው ሀገር ያለው ሁኔታ በሁለት ዐይነት ቍጥር ሊታይ ይችላል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 50.6 ከመቶው ኦርቶዶክስ ነበር፤ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ወደ 43.5 ከመቶ ወረደ። በዚያው ጊዜ የፕሮቴስታንት ቍጥር ከ10.2 ወደ 18.6 ከመቶ ወጣ። ይህ ለሀገሪቱ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን በዋናው ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የመጣ እንጂ የመንዝን ደጋ የሚገልጽ አይደለም። በአማራ ክልል በዚያው በ2007ቱ ቈጠራ ኦርቶዶክሱ 82.5 ከመቶ ነበር፤ በሰሜን ሸዋ ዞን ደግሞ ከመቶ ከዘጠና በላይ ነው። በሌላ በኩል ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 98 ከመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ መሆኑን፣ 78 ከመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውን ተናግረዋል። በሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ይኸው ቍጥር 15 ከመቶና 6 ከመቶ ብቻ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ያማረውን እንደሚናገር ዐውቀን ብንቀንስለት እንኳ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት «እምነት እየጠፋ ነው» የሚለውን ሐዘን አይደግፍም።

ሌላው የጨመረ ነገር ከላይ ያነሣነው ቍርባን ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤቶችና በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከማኅበረ ቅዱሳን ትምህርት ጋራ በከተሞችና በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ወጣቶች ንስሐ ገብተው መቍረብ፣ በተክሊልና በቍርባን መጋባት ጀምረዋል። ይህ በአያቶቻቸው ዘንድ የካህንና የሽማግሌ ነገር ነበር። በሌቪን መጽሐፍ ዘመናዊ ተማሪ ወደ ሃይማኖት የሚቀርብበት መንገድ አይታይም፤ ከመጽሐፉ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን መንገዱን ያገኘው በዚያው ሃይማኖትን ያሟሟል በተባለው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ቅጽር ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ከሀገር የወጣው ሰው ነው። የመንዝና የመርሐቤቴ ተወላጅ በአዲስ አበባ ብዙ ነው። ይህ ሰው በሰንበት ከትውልድ አጥቢያው ቅዳሴ አይገኝም፤ ነገር ግን ገንዘብ አዋጥቶ የተወለደበትን ቤተ ክርስቲያን በቆርቆሮ ያስከድናል፤ ሲታመም ወደ ገዳማቱ ለጠበል ይሄዳል። በመርሐቤቴ አጐራባች በሚዳ ያለው የአቡነ መልከ ጼዴቅ ገዳም ብዙ ተሳላሚ ከሩቅ የሚቀበል ስፍራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የመንገድ ነገር አስቸጋሪ ሆኗልና፣ በዚህ ጊዜ የሚደረግ የተሳላሚ ቈጠራ ሁሉ ስለ እምነት ሳይሆን ስለ ጸጥታ የሚመሰክር ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

፮

እንግዲህ በእውነት የላላ ነገር የለምን? አለ። የላላው ሁለተኛው ገመድ፣ የነፍስ አባትነት ነው። ሰው ከቀዬው ሲወጣ ከሁሉ በፊት የሚለየው ከነፍስ አባቱ ነው። በከተማ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሊስም ይችላል፤ ዐቢይ ጾምን 55ቱን ቀን ሊጾም ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያውቅ፣ ስሙን ጠርቶ «ከወንድምህ ጋራ ለምን አልታረቅህም?» ብሎ የሚጠይቀው ካህን ላይኖረው ይችላል። በገጠርም ቢሆን አንድ ቄስ ለብዙ አጥቢያ የሚሮጥ ሲሆን የነፍስ አባትነቱ የስም ብቻ ይሆናል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የተወደደ ጾም የግፍን እስራት መፍታትና ለተራበ እንጀራን መቍረስ እንደ ሆነ አስተምሯል። በመንዝ ኑሮ ጾምን ከዚህ ትምህርት ጋራ የሚያገናኙት ነፍስ አባቱና ማኅበሩ ነበሩ። ደም የተቃቡ ወገኖች በነበሩበት ምድር ቄሱ መስቀል ይዞ በመካከል ይቆም ነበር። የቀድሞው ዘመን ከቂምና ከሙግት የነጻ አልነበረም፤ እንዲያውም በእነርሱ የታወቀ ነበር። ነገር ግን ቂሙን የሚጠይቅ ሰው ነበረ። መጽሐፍ ቅዱሳዊ ኑሮ የሚባለው ነገር በዚህ ሀገር የቆመው በንባብ ብዛት ሳይሆን በዚህ ተጠያቂነት ላይ ነው። ጾሙ ቀርቶ ተጠያቂነቱ ቢኖር ክራፍ ደስ ይለው ነበር፤ ተጠያቂነቱ ቀርቶ ጾሙ ቢኖር ግን ማን ደስ እንደሚለው አናውቅም። ዛሬ ልንፈራው የሚገባን አደጋ ይህ ሁለተኛው ነው።

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ችግሩ የእምነት መጥፋት ነው ብሎ የሚያምን አስተዳዳሪ ሰባኪ ይልካል። ችግሩ የነፍስ አባትና የዲያቆን መታጣት ነው ብሎ የተረዳ ግን ለንባብ ቤት መምህሩ ቀለብ ያበጃል፤ የልጁን የትምህርት ሰዓት ከመንግሥቱ ትምህርት ቤት ጋራ የሚስማማበትን መንገድ ይፈልጋል፤ ለአንዱ ቄስ የሚደርሰውን ቤተሰብ ቍጥር ይወስናል። የመጀመሪያው ሥራ ወጪው ትንሽ በመሆኑ ሁልጊዜ ይመረጣል፤ ሐዘኑም ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ ይተላለፋል።

ለወጣት ተመራማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ የሚወርድ ተማሪ «ሃይማኖት ላልቷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅ፤ ሁሉም አዎን ይለዋልና። በዚህ ፈንታ በአንድ አጥቢያ ስንት ቤተሰብ በስሙ የሚያውቀው የነፍስ አባት እንዳለው፣ ስንት ዲያቆን እንዳለና ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ቅዳሴ በዓመት በስንት ሰንበት እንደ ተቀደሰ፣ ስንት ሰንበቴና ማኅበር እንደ ቆመ፣ ከቈራቢዎቹ መካከል ስንቱ ወጣት እንደ ሆነ፣ በዓመቱ ስንት ጠብ በካህን ፊት እንደ ታረቀ ይቍጠር። ሌቪን በዘመናቸው ይህን ቢቈጥሩ ኖሮ ዛሬ የምናስተያይበት መሠረት ይኖረን ነበር። መጽሐፋቸው ስለ ገበሬው ኩራት፣ ስለ ቅኔው ምሥጢርና ስለ ጾሙ ጽናት ሊነበብ ይገባል፤ ስለ ግለኝነቱ የሰጡት ፍርድ ግን የሰንበቴው መሶብ ከቀረበ በኋላ እንደገና መታየት አለበት።